ለአጭር ጉዞ የትኛው አገር? ቪዛ የማይጠይቀው፣ በስልክ የሚያልቀውና ኤምባሲ የሚያመላልሰው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከአቃቂ ሰው ይመጣል። ድሮ የሚበዛው የሥራ ማመልከቻ ነበር። አሁን የቪዛ ፎርም ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ጀርመን ያለች ልጃቸው ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ሙሉ ገንዘቡ ተከፍሎበታል። "ልጄ፣ ቪዛዋን ብቻ ሙላልኝ፣ ሌላው አልቋል" አሉኝ። ቪዛው አልተጀመረም። ቀጠሮም አልተያዘም። እሳቸው ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን መጀመሪያ ገዝተውታል።

"እማማ፣ ቲኬቱ መጨረሻ ነበር የሚገዛው" ስላቸው ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ያ ፊት ነው ይህን ያስጻፈኝ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘን ለሳምንት ወይም ለወር ከአገር ስንወጣ፣ አገሮቹ በር የሚከፍቱልን በተለያየ መንገድ ነው። አንዱ ቪዛ አይጠይቅም። ሌላው በኢንተርኔት ወይም በወኪል በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ሌላው ወራት ይፈልጋል። የእኔ ምክር አንድ ነው፦ አገሩን ከመምረጣችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለውን ወረቀትና የቀራችሁን ጊዜ ቁጠሩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ሲሆን እናገራለሁ።)

ፓስፖርቱን ግለጡት

ብዙ አገሮች ፓስፖርታችሁ ከምትገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። አምስት ወር ከቀረው ቪዛ የማይጠይቅ አገርም ቢሆን የኤርፖርት ሠራተኛው ሊመልሳችሁ ይችላል። ለአውሮፓ ሼንገን አገሮች ከምትመለሱበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይ፣ በ10 ዓመት ውስጥ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። እድሳት የሚያስፈልገው ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከእሱ ጀምሩ።

ቀጥሎ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን ይጠይቃል። የትኛውን እንደምትጽፉ ከጠፋችሁ የፎቶው ገጽ ታች ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከአገሪቱ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ስም ፓስፖርቱ እንደ ቤተሰብ ስም የያዘው ነው። ከዚያ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች (<<) አሉ። ከእነሱ በኋላ ያሉት ሌሎቹ ስሞች ናቸው። ቪዛውም፣ ቲኬቱም፣ ኢንሹራንሱም በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ስፔሊንግ ይሁን። የሚስት ስም ከባል ስም መለየቱ ለእኛ የተለመደ ነው፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር አስረዱት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬቱንም አያይዙ።

የልደት ቀንም ብዙ ሰው ያስቸግራል። መስከረም 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ ሴፕቴምበር 11 ይመስለዋል። ግን 1975 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረች ትክክለኛው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1983 ነው። ፓስፖርቱ 12 እያለ የልደት ሰርተፍኬቱ 11 ብሎ ሲመጣ አይቻለሁ። የአንድ ቀን ልዩነት ሁለት የተለያየ ሰው ያስመስላል። እንዲህ ካጋጠማችሁ ሰርተፍኬቱን ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉት።

አሁን ደግሞ ቢጫ ካርድ። የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ብዙ አገር ይጠይቀዋል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 ጀምሮ ግን አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሥር ዓመት ሞላው ብሎ እንደገና የሚያስከፍላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

ቪዛ የማይጠይቁት

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለሚወጣ ሰው ናይሮቢን እመርጥለታለሁ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። በ2024 መጀመሪያ ኬንያ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ስትጀምር ብዙ ሰው ተደናግጦ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ፈቃዱ ከማይመለከታቸው አገሮች መካከል ነች። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሞያሌ ላይ በእግርም ይገባል።

ሩዋንዳ ደግሞ ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች እዚያው ሲደርሱ 30 ቀን ያለ ክፍያ ትሰጣለች። ኪጋሊ ጸጥ ያለች፣ ለቤተሰብ የምትመች ከተማ ናት። አዲስ ተጋቢዎች ሲመጡ ናይሮቢን ሳይሆን ኪጋሊን እነግራቸዋለሁ።

ሲሸልስም ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግዴታ ነው። ደሴቶቹ ላይ ሆቴሉ ውድ ስለሆነ በቪዛ የተረፈው ገንዘብ በመኝታ ይወጣል። ሲንጋፖርም ኢትዮጵያዊን ያለ ቪዛ ታስገባለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርዱን በነፃ በኢንተርኔት ትሞላላችሁ።

ቪዛ ባይኖርም መግቢያው ላይ ጥያቄ አለ። የመመለሻ ቲኬት፣ የምታርፉበት ቦታ፣ የምትተዳደሩበት ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። "ዘመድ ጋ ነው የማርፈው" የምትሉ ከሆነ የዘመዱን አድራሻና ስልክ ወረቀት ላይ ያዙ። ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ቻርጁ ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሩዋንዳ ፌስታል የከለከለችው ከ2008 ጀምሮ ነው። ኬንያም በ2017 ተከትላለች። በርበሬውንና ቆሎውን በፌስታል ቋጥራችሁ ከሄዳችሁ መግቢያው ላይ ፌስታሉን ይወስዱባችኋል። በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ ያዙት።

ለዚህኛው መንገድ የማልመክረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚሄድበት ምክንያት ሌላ አገር ያለው ሰው። ልጁ ሮም የምትኖር አባት ኪጋሊን ቢያይ ምን ይጠቅመዋል? እሱ የሮሙን ወረቀት በጊዜ ይጀምር።

ዱባይና ጅቡቲ

ዱባይ ቀድሞ የተያዘ ቪዛ ትፈልጋለች፤ ኤምባሲ ግን አያስኬድም። በአየር መንገድ፣ በሆቴል፣ በጉዞ ወኪል ወይም እዚያ በሚኖር ዘመድ በኩል ይወጣል። የ30 ቀንና የ60 ቀን አለ። ዕቃ ሊያይ ለሚሄድ ነጋዴ 30 ቀኑ ከበቂ በላይ ነው። ቀኑ ካለፈባችሁ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል።

ወኪሉ "ወጥቷል" ሲላችሁ ቪዛውን በስልካችሁ እንዲልክ ጠይቁት። ስሙንና የፓስፖርቱን ቁጥር አንድ በአንድ አስተያዩ። ቁጥሩን የአገሪቱ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይወስድም። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ የሐኪም ማዘዣውን አትርሱ። እንደ ትራማዶል ያሉት እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው።

ጅቡቲም በኢንተርኔት የሚሞላ ቪዛ አላት። የእኛን አካባቢ ሰው የሚያጓጓው ከፉሪ ለቡ የሚነሳው ባቡር ነው፤ መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ማየት ለሚፈልግና ጊዜ ላለው ሰው ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ከሰፈራችን ወጣት ሴቶችን "በቪዚት ግቢ፣ እዚያ ሥራ አለ" እያሉ የሚወስዱ ሰዎች አሉ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዓ.ም. ለሥራ የሚሄድ ሰው በሕጋዊ ውል እንዲሄድ ያዛል። በታይላንድ በኩል የኮምፒውተር ሥራ ተብለው ሄደው ማይንማር ድንበር ላይ የማጭበርበሪያ ካምፕ ውስጥ የታሰሩ ወገኖቻችን በ2025 ሲወጡ ዓለም አይቷል። እህታችሁ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ከተባለች ውሉን አምጪ በሏት። ውል ከሌለ አትሂድ።

ሼንገን፦ ጊዜ የሚበላው

ወደ እናትየዋ ልመለስ። ሼንገን 29 አገሮች በአንድ ቪዛ የሚገቡበት ነው። በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን መቆየት ይቻላል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። 6 ዓመት ሞልቷቸው 12 ላልሞላቸው ልጆች 45 ዩሮ፣ ከዚያ በታች ነፃ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ማዕከል የራሱን አገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ቢከለከል አይመለስም።

በኤፕሪል 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ላይ ልዩ ገደብ ወሰነ። ምክንያቱ በአውሮፓ የመቆያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎች መልሶ በመቀበል ላይ የነበረው አለመግባባት ነው። በውሳኔው መደበኛው የ15 ቀን ማጣሪያ ለእኛ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀረ። ስለዚህ ከ45 ቀን በታች አታስሉ። ከዚያ በፊት ቀጠሮ የምትጠብቁበት ጊዜ አለ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። እናትየዋ ልጃቸው አራተኛ ወሯ ላይ ሳለች ቢመጡልኝ ኖሮ ለምጡ ይደርሱ ነበር።

የት ነው የሚመለከተው? ብዙ ቀን የምታድሩበት አገር። እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። "የእነ እገሌ ኤምባሲ ይሻላል" ብሎ ልጁ ጀርመን ሆና በሌላ አገር ማመልከት ጥያቄ ይፈጥራል።

ጋባዥ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ የግብዣ ደብዳቤ ብቻ ግን አይበቃም። ጀርመን ውስጥ የሚጋብዝ ሰው ወጪውን ሊሸፍን በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የሚፈርመው የግዴታ ሰነድ አለ። ዋናው በፖስታ ይምጣ። ፈረንሳይ የሚያርፍበት ዘመድ ያለው ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት የሚወጣ የማረፊያ ማረጋገጫ ያስልክ። የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ቲኬት? ቦታ የተያዘበት ወረቀት በቂ ነው፤ ገንዘቡን ቪዛው ሲወጣ ትከፍላላችሁ።

ከሁሉም የሚከብደው "ትመለሳለህ ወይ?" የሚለውን ጥያቄ በወረቀት መመለስ ነው። ደመወዝተኛ የሥራ ቤት ደብዳቤና የፈቃድ ወረቀት አለው። ዳር ከተማ የምንኖረው ብዙዎቻችን ግን ገንዘባችን በባንክ አያልፍም። ወተት እንሸጣለን፣ ቤት እናከራያለን፣ ዕቁብ እንጥላለን። ስቴትመንቱ ሲወጣ ስድስት ወር ባዶ ነው። ከዚያ ማመልከቻው ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ ገንዘብ ዱብ ይላል። ያንን የሚያይ ሰው ብድር ነው ይላል። ስለዚህ መሄድ ካሰባችሁበት ቀን ጀምሮ ኪራዩንም ሽያጩንም በባንክ አስገቡ። ዕቁብ ከወጣላችሁ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት ደብዳቤ አያይዙ። የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ ያላችሁን አምጡ። የሌላችሁን አትፍጠሩ።

በሸገር ከተማ በኩል ያላችሁ ካርታችሁና ከቀበሌ የወጣው ሰነድ በአፋን ኦሮሞ ነው። ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት። ለዚህ አንድ ሳምንት መድቡ።

ከተከለከላችሁ ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ይሰጣችኋል። አትቅደዱት። ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ፣ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከትም ይቻላል። አሻራ ከሰጣችሁ ደግሞ ለ59 ወር ይቀመጣል፤ በየጊዜው ለመስጠት አትመላለሱም።

ወደ ሼንገን የማትሄዱ ሰዎችም ይህችን አንብቡ። ኢትዮጵያ ዜጎቿ በሼንገን ኤርፖርት ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች አንዷ ናት። ወደ ሌላ አገር ስትሄዱ ቲኬቱ በፍራንክፈርት ወይም በፓሪስ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከኤርፖርቱ ባትወጡም ቪዛ ያስፈልጋል። እንደ አሜሪካ፣ ካናዳና ጃፓን ያሉ አገሮችን ፀንቶ ያለ ቪዛ የያዘ ሰው ነፃ ነው። በዋጋው ስለረከሰ ብቻ እንዲህ ያለ ቲኬት አትግዙ። በዱባይ ወይም በቀጥታ በረራ ሂዱ።

እናቶች ደግሞ ለልጅ ቅቤና ቋንጣ ሳይዙ አይሄዱም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ለአራስ የተነጠረች ቅቤ ኤርፖርት ላይ ስትጣል ማየት ያሳዝናል።

እናትየዋስ? የቲኬቱን ቀን በቅጣት አሸጋገርነው። ለምጡ አልደረሱም። የተወለደችው ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነበር። ለእሱ ደረሱ።

እንግሊዝና አሜሪካ

እንግሊዝ የራሷ ቪዛ አላት፤ ሼንገን አያስገባም። የጎብኚ ቪዛው እስከ 6 ወር ያቆያል። በኤፕሪል 2025 ክፍያው 127 ፓውንድ ሆኖ ነበር። ከጉዞው 3 ወር በፊት ማመልከት ይቻላል፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አሻራ ከተሰጠ በኋላ በ3 ሳምንት ይመጣል። በጊዜ ካየነው ከሼንገን ይፈጥናል። ሲከለከል ግን ለጎብኚ መደበኛ ይግባኝ የለም። እንደገና መክፈልና እንደገና ማመልከት ነው።

የታናሽ ወንድሜን ነገር እዚህ ልንገራችሁ። ለእህታችን ሠርግ ለንደን ሊሄድ ነበር። "መቶ በመቶ እናወጣለን" ያለ ወኪል ዘንድ ሄደ። ወኪሉ ሳይነግረው የሐሰት ስቴትመንት ጨመረበት። ተገኘ። በማመልከቻ ላይ ማታለል ለ10 ዓመት ያስከለክላል። የራሱ ሒሳብ ትንሽ ነበር፤ እህታችን ግን ወጪውን ልትሸፍንለት ትችል ነበር። ፎርሙን ማን ሞላው ቢባል ፊርማው የእናንተ ነው። እኔ የምሞላውንም ጭምር፣ ከመፈረማችሁ በፊት በአማርኛ አስነብቡኝ።

አሜሪካ ፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ ነው። ክፍያው 185 ዶላር ሲሆን አይመለስም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለ3 ወር የሚያገለግል ሆኗል። ድሮ እንደሚባለው አንዴ አውጥቶ ለዓመታት መመላለስ ቀርቷል። ለሁለት ሳምንት ሽርሽር ብቻ ከሆነ አልመክርም። ልጅ ለሚመረቅለት፣ ወንድም ለታመመበት ሰው ግን ይገባዋል።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ብቻ ካላችሁ ናይሮቢ፣ ኪጋሊ ወይም ዱባይ። ሁለት ወር ካላችሁና ለንደን ዘመድ ካላችሁ እንግሊዝ። አውሮፓ ከሆነ ከአራት ወር በፊት ጀምሩ። ስቴትመንታችሁ ባዶ ከሆነ ዘንድሮ ኪጋሊን አይታችሁ ተመለሱ፣ ገንዘባችሁን በባንክ እያሳለፋችሁ ከርማችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አመልክቱ። በቀኑ ሄዶ በቀኑ የተመለሰ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማህተም ለሚቀጥለው ፋይል ይጠቅመዋል። ዋስትና ግን አይሆንም። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ልጅ ካለ ደግሞ የሌላኛው ወላጅ ስምምነት በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ይሁን።

ዶላር ከባንክ ስትጠይቁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ነው። ቪዛ ወደማይጠይቅ አገር የምትሄዱ ይህንኑ ቀድማችሁ ለቅርንጫፉ ንገሩት።

የቀጠሮ ቀን ከዳር ከተማ የምንነሳ ሰዎች የከተማውን ሰው ሰዓት አንከተል። ቀጠሮው ጠዋት 2፡30 ከሆነ እኔ ከቱሉ ዲምቱ 11 ሰዓት ላይ ውጡ እላለሁ። የቃሊቲ መስመር ከተዘጋጋ አንድ ሰዓት ተኩል ምንም አይደለም። ያረፈደ ሰው ሌላ ቀጠሮ ፍለጋ ይገባል።

የመብረሪያውንም ሰዓት በደንብ አንብቡት። ቲኬቱ "ኦክቶበር 12፣ 00:20" ካለ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው። ለእኛ ያ ሌሊት የ11ኛው ቀን ሌሊት ነው። በ12ኛው ማታ ሻንጣ ጎትቶ የሄደ ጎረቤት አለኝ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ከቤት የምትወጡት 11ኛው ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከእኛ ሰፈር ታክሲ አይገኝም፤ መኪናውን ከቀን ተነጋገሩበት።